ቦርጭ የሹመት ምልክት አይደለም

በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሚለዋወጠው ሰላምታ አንዱ «ወፈር ብለሃል፤ ተመችቶሃል ማለት ነው» የሚለው ነው። ይህ ቃል ምስጋና ነው፤ የሚባልለትም ሰው ፈገግ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በአንጻሩ የከሳ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ «ምነው፤ ምን ነካህ? አሞህ ነበር ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኃብ ደጋግሞ በጎበኘው አገር ሥጋ መልበስ የጥጋብና የደኅንነት ምስክር ሆኖ ቢቈጠር አያስገርምም። ነገር ግን ኑሮ ሲለወጥ ምስክሩም ይለወጣልና፣ ይህን የቆየ ፍርዳችንን እንደገና መርምረን ብንመለከተው መልካም ይመስለኛል።

ለዚህ ሐሳብ ያነሣሣኝ በሀዋሳ ከተማ ያጋጠመኝ ነገር ነው። አንድ ወዳጄ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ቀጭንና ፈጣን የኳስ ተጫዋች ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላው የክፍል ኀላፊ ሆነ፤ ከሹመቱም ጋር ቦርጩ አብሮ መጣ። እኛም ወዳጆቹ «አሁን ገና ኀላፊ መሰልህ» እያልን ስናሞግሰው ከረምን። ባለፈው ዓመት ሌሊት ሌሊት ውኃ ጥሙና ሽንቱ እየቀሰቀሱ አላስተኛ ቢሉት ወደ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ደሙም ተመርምሮ የስኳር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ነው። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ሲያገኘኝ የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ለካስ ስታመሰግኑኝ የከረማችሁት በበሽታዬ ነው» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም። የወዳጄ ነገር ስላሳሰበኝ መጻሕፍት አገላብጬ፣ የሚያውቁትንም ጠይቄ የተረዳሁትን ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ለማካፈል ብዬ ነው። ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ በሆዳችን ዙሪያ የምንሸከመው ስብ ለመላው ሰውነት መልእክት የሚልክ ሕያው አካል ነው። ስብና ዘይት የበዛበት ምግብ በየቀኑ ሲጨመርበት መልእክቱ ይዛባል፤ መልእክቱም ሲዛባ ሰውየው ሳያውቀው ይታመማል። ስለዚህ ቦርጭን ማመስገን ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው።

ስብ ጎተራ ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተማርነው ስብ ማለት የተረፈ ምግብ የሚከማችበት ጎተራ ነው ብለን ነው። በርግጥም ጎተራ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ኀይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ካሎሪ ነው። ስለ ሆነም ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያኖረውን ስንቅ በስብ መልክ ማስቀመጡ ብልኀት ነው። ይሁን እንጂ ጎተራ የሞሉትን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ማንንም አያዝም፤ ለማንም አይጽፍም። የስብ ነገር ግን ከዚህ የራቀ መሆኑ የታወቀው በቅርቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ በሜይን ክፍለ ግዛት፣ ባር ሃርበር በተባለች ከተማ ባለው የጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ምግብ የማይበቃቸው፣ ከመጠን ያለፈ የሚወፍሩ አይጦች ተወልደው ተገኙ። በዚያው ቤት የሚሠራ ዳግላስ ኮልማን የተባለ ሊቅ ከጊዜ በኋላ ወፍራሙንና ጤነኛውን አይጥ ጎን ለጎን ሰፍቶ ደማቸው እንዲገናኝ አደረገ። የጤነኛው ደም ወደ ወፍራሙ ሲተላለፍ ወፍራሙ መብላቱን ቀነሰ፤ ከሳም። ኮልማንም በጤነኛው ደም ውስጥ «በቅቶኛል» የሚል መልእክት የሚያደርስ አንድ ነገር አለ፤ ወፍራሙ ይህን ነገር ሊሠራ አይችልም ሲል ደመደመ። ነገርየው ምን እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ዮርክ ከተማ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄፍሪ ፍሪድማን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያን መልእክተኛ አገኘው። ስሙም ሌፕቲን ተባለ፤ ይኸውም «ቀጭን» ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። እጅግ የሚያስደንቀው ግን መልእክቱ የሚጻፍበት ቦታ ነው፤ ላኪው ራሱ ስቡ ሆኖ ተገኘ። ስብ ሌፕቲንን በደም በኩል ወደ አንጎል እየላከ «ስንቁ ይህን ያህል ነው፤ ረኃብ የለም» እያለ ያስታውቃል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ መልእክተኞች ተገኝተዋል። ከእነርሱ አንዱ አዲፖኔክቲን ይባላል፤ ሥራው ጉበትና ጡንቻ የኢንሱሊንን ትእዛዝ በሚገባ እንዲሰሙ መርዳት ነው።

እንግዲህ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በምናውቀው ምሳሌ ብንናገር፣ ስብ የግምጃ ቤትንና የመዝገብ ቤትን ሥራ ባንድ ላይ የያዘ ጽሕፈት ቤት ነው። ገቢና ወጪ ይቈጣጠራል፤ ደብዳቤ ይቀበላል፤ ደብዳቤም ይልካል።

መልእክቱ የሚዛባው እንዴት ነው?

ሰው ምግብ በልቶ ስኳር ወደ ደሙ ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያወጣል። ይህን ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ እንዳገኙት የታወቀ ነው። ኢንሱሊን ለሦስት ክፍሎች ትእዛዝ ይሰጣል። ጡንቻን «ስኳሩን ተቀበል» ይለዋል። ጉበትን «አሁን በቂ ስላለ አንተ ስኳር ማውጣትህን አቁም» ይለዋል። ስብን ደግሞ «ያለህን ያዝ፤ ወደ ደም አትልቀቅ» ይለዋል። በጤነኛ ሰው ዘንድ ሦስቱም ይታዘዛሉ፤ ስኳሩም በሰዓታት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለሳል።

ስብና ዘይት የበዛበት ምግብ በየቀኑ ሲበላ፣ ሰውየውም ሲቀመጥ እንጂ ሲንቀሳቀስ የማይውል ሲሆን፣ የተረፈው ሁሉ ወደ ስብ ሕዋሳት ይላካል። ሕዋሱ ይቀበላል፤ ያብጣል። ነገር ግን ለሁሉም ልክ አለው። መደርደሪያው ሞልቶ ፋይሉ በወለልና በመስኮት ላይ የተከመረበትን መዝገብ ቤት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከልኩ በላይ ያበጠ የስብ ሕዋስ የሚበቃውን ያህል አየር ከደም አያገኝም፤ ከሕዋሳቱም የሚሞቱ አሉ። በዚህ ጊዜ ስቡ የድረሱልኝ ጩኸት ያሰማል።

ጩኸቱን ሰምተው የሚመጡት ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ማክሮፋጅ የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች የወፍራም እንስሳትና ሰዎች ስብ በእነዚህ ሕዋሳት የተሞላ መሆኑን አስታወቁ። ተሕዋሲያን ሳይገቡ፣ ቁስል ሳይኖር፣ ስቡ ልክ እንደ ቁስል የተቈጣ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም አሥር ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ የቱርክ ተወላጅ የሆነው ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ብሩስ ስፒገልማን በቦስተን ከተማ ሲሠሩ፣ የወፈሩ አይጦች ስብ ቲኤንኤፍ የተባለውን የቍጣ መልእክት እንደሚያወጣና ይህም መልእክት የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያሰናክል አሳይተው ነበር። ኢንሱሊን ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ በውስጥ ያለው ተቀባይ ግን ትእዛዙን ወደሚፈጽመው ክፍል አያስተላልፈውም። ሐኪሞች «የኢንሱሊን መታዘዝ መቀነስ» የሚሉት ይህን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ተያያዘ ሰንሰለት ነው። ስቡ «አትልቀቅ» የሚለውን ትእዛዝ መስማት ስላቆመ ቅባቱን ወደ ደም ያፈሳል። ቅባቱ ቦታው ወዳልሆነው ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይገባል። ጉበትም በተራው ትእዛዝ መስማት ያቆምና ደሙ በስኳር ሞልቶ ሳለ ሌላ ስኳር ያወጣል። የጠቃሚው የአዲፖኔክቲን መልእክት ይቀንሳል። ሌፕቲን ደግሞ ከመጠን በላይ ስለሚላክ አንጎል ማንበቡን ይተወዋል። በየቀኑ «እጅግ አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ያለበት ሃያ ደብዳቤ የሚደርሰው ኀላፊ በመጨረሻ አንዱንም ሳይከፍት እንደሚያስቀምጠው ያለ ነው። ስለዚህ ስንቁ ሞልቶ ሳለ ሰውየው ይርበዋል። ቆሽትም ትእዛዙ አልሰማ ስላለ ኢንሱሊንን እጥፍ አድርጎ ያወጣል፤ ለዓመታት እንዲህ ሲደክም ይኖርና አንድ ቀን ያቅተዋል። የስኳር በሽታ የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው፤ የተጀመረው ግን ከብዙ ዓመት በፊት፣ ወዳጆች «አምሮብሃል» ሲሉ በነበረበት ጊዜ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ከላይ ያለው ሁሉ ስብ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ሲወለዱ ጀምሮ የስብ ሕዋስ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች በዓለም አሉ፤ እነርሱም ቀጫጭን ሆነው ሳሉ ብርቱ የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። ምክንያቱም ቅባቱ የሚቀመጥበት ጎተራ ስለሌለ በቀጥታ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ፣ ሌፕቲን የሚጽፍም ስለሌለ ነው። ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፤ መድኀኒቱም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ከዚህ የምንረዳው ጤነኛ ስብ የሰውነት ወዳጅ መሆኑን ነው። የሚያጠፋን ከዐቅሙ በላይ ስናሸክመው ነው።

የቅባቱም ዓይነት ልዩነት አለው

«ይህ ሁሉ የአይጥ ነገር ነው፤ ሰው አይጥ አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በላቦራቶሪ ላሉ አይጦች የሚሰጠው ምግብ ብዙ ጊዜ ከካሎሪው 60 በመቶ የሚሆነው ከስብ የመጣ ነው፤ እንዲህ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በሰው ላይ የተደረገ አንድ ጥናት እጠቅሳለሁ። በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት 39 ወጣቶች፣ ሁሉም ያልወፈሩ፣ ከዘወትር ምግባቸው በላይ ለሰባት ሳምንት ኬክ እንዲበሉ ተደረገ። የግማሾቹ ኬክ የተጋገረው በፓልም ዘይት፣ የግማሾቹ በሱፍ ዘይት ነው። ሁለቱም ወገኖች በክብደት የጨመሩት እኩል ነበር፤ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል። ሲመረመሩ ግን በፓልም ዘይት የበሉት በጉበታቸውና በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ የተከማቸው ስብ ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ተገኘ። ሚዛኑ አንድ ሆኖ ሳለ ውስጡ ተለያየ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በሸማቾች ማኅበራት ሱቅ በተወሰነ ዋጋ ሲከፋፈል የኖረው፣ ሕዝቡም «የሚረጋ ዘይት» የሚለው፣ ያው የፓልም ዘይት ነው። ከቅባቱ ግማሽ የሚያህለው በብርድ የሚረጋው ዓይነት ነው። የኑግና የሱፍ ዘይታችን ከዚህ የተለየ ነው። ነገር ግን የኑግ ዘይት ዋጋ ለጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ የሚቀመስ እንዳልሆነ ስለማውቅ «ኑግ ብቻ ግዙ» ብዬ አልቀልድም። ዘይቱን መለወጥ የማይችል ሰው መጠኑን መቀነስ ይችላል። አንዳንዱ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ባይኖር ወጡ ወጥነቱን አይተውም።

ቀጭን የሆነም አይመካ

ሌላው ስሕተታችን «እኛ ኢትዮጵያውያን ቀጫጭን ስለ ሆንን ይህ በሽታ የፈረንጅ ነው» ማለታችን ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነውን ከራሳችን ወገኖች ታሪክ እናገኛለን። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን አያሌ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል አገር ተወስደዋል። በገቡበት ጊዜ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። የአገሩን ምግብ ለምደው፣ እርሻና የእግር መንገድ ትተው ጥቂት ዓመታት ሲቈዩ በሽታው በፍጥነት በዛ፤ ይልቁንም በወጣቶቹ ዘንድ ታየ። የእስራኤል ሐኪሞች እንደ ተመለከቱት ከሌላው ነዋሪ ያነሰ ክብደት እያላቸው በሽታው ይይዛቸው ነበር።

ለዚህ አንዱ ማስረጃ የሚሆነው ሰው በማኅፀንና በሕፃንነት ዘመኑ ያየው ችግር ነው። በኆላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በጦርነት ረኃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ልጆች ጎልምሰው ሲመረመሩ ደማቸው ስኳርን በሚገባ ለማስተናገድ ሲቸገር ታይቷል። በማጣት የተሠራ ሰውነት ጎተራው ጠባብ ነው፤ ጠባብ ጎተራም ቶሎ ይሞላል፤ ቶሎም ይፈሳል። የ1977ቱን ረኃብ ያየች አገር ልጆች ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ቍጥሩም ቢሆን የሚያዘናጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላው አገራችን በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው ወደ ስድስት የሚጠጋው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ ያለፈ ሆኖ ሲገኝ፣ ወደ 16 የሚጠጋው ደግሞ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በአዲስ አበባ በባንክ ሠራተኞችና በመምህራን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናትም የስኳር በሽታ ያለባቸው ከመቶ ከስድስት አላነሱም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው እኛ ነን፤ ነገሩ የሚመለከተውም እኛን ነው።

በሀዋሳ ማዕድ ላይ

አሁን ወደ ሀዋሳ ልመለስ። ወዳጄ የታመመባት ከተማ ክፉ ምግብ ያላት ከተማ አይደለችም፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ የተሻለ ያላት ናት። በሐይቁ ዳር፣ በአሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ዓሣ ከሥጋ ሁሉ የተሻለ፣ ስቡም ጥቂት የሆነ ምግብ ነው። ነገር ግን ያ ዓሣ በጥልቅ ድስት፣ ደጋግሞ በፈላ ዘይት ተጠብሶ ሲወጣ ዓሣው ከሐይቁ ይዞት ያልመጣውን ቅባት ይዞ ይወጣል። በአጠገቡ ግን የዓሣ ሾርባ አለ፤ በሚጥሚጣና በዳጣ የሚበላም አለ። ምርጫው በእጃችን ነው።

የሲዳማ ሕዝብ ደግሞ ቡርሳሜ የሚባል፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራ የተከበረ ምግብ አለው። በፍቼ ጨምበላላ ዋዜማ ሽማግሌው፣ ልጁና ጎረቤቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተሰብስበው ይበሉታል። ይህን በዓል የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የዓለም ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ ስለ ጤና ተናገርሁ ብዬ የቡርሳሜን ክብር ለመንካት አልደፍርም። «አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖረዋል» የሚሉም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እነዚያ አባቶች እንሰት እየተከሉ፣ ተራራ እየወጡ እየወረዱ፣ ገበያ በእግራቸው እየሄዱ የኖሩ ናቸው፤ ቅቤውም የበዓልና የእንግዳ ነበር። እኛ የበዓሉን ምግብ የየቀን አደረግነው፤ ሥራውን ግን ለእነርሱ ተውንላቸው።

ሀዋሳ የስብሰባ ከተማም ናት። ከየክልሉና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለ ሥልጣንና ባለሙያ በየሆቴሉ ሥልጠና ይሰጣል፤ ይቀበላልም። የቀኑ ሥርዓት የታወቀ ነው። ጠዋት ሻይ ሲቀርብ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ አለ፤ ቀትር ላይ ጥብሱ፣ ዱለቱና ክትፎው የተሰለፈበት ቡፌ አለ፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሻይና ኬክ አለ፤ ማታ ደግሞ አበሉ ስለ ተከፈለ ቁርጥ አለ። አንድ ወጣት ሠራተኛ በዓመት ስንት ሳምንት በእንዲህ ያለ ስብሰባ እንደሚያሳልፍ ራሱ ይቍጠረው። ስለ ሕዝብ ጤና ሊመክር የተሰበሰበ ጉባኤ እንኳ ከዚህ ቡፌ የተለየ ሲቀርብለት አላየሁም።

ከቡፌው ቀጥሎ ባጃጁ አለ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊ፣ ጥላቸውም ደስ የሚያሰኝ ነው። ለእግርና ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ከተማ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዛሬ ግን ከቢሮ እስከ ምሳ ቤት ላለው ለአሥር ደቂቃ መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። የተሾመ ሰው በእግሩ ሲሄድ ቢታይ ክብሩ የሚጎድል ይመስለናል።

ምን እናድርግ?

አንዳንድ ሰዎች «ገና በልቶ ያልጠገበ ስንት ወገን እያለ ስለ ቦርጭ ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። የቀነጨሩ ሕፃናት ያሉባት አገር መሆናችን እውነት ነው፤ ለእነርሱ ቅቤና ወተት መጨመር እንጂ መቀነስ አይነገርም። ነገር ግን አንዱ መከራ ሌላውን አይከለክልም። አገሪቱ ባላት ጥቂት ገንዘብ ያስተማረችው ወጣት በሠላሳ ዓመቱ ዐይኑና ኵላሊቱ መድከም ሲጀምር፣ ለዕድሜ ልክ መድኀኒት የሚወጣው ገንዘብ ለሕፃናቱ ሊውል ይችል የነበረው ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማሰብ ግዴታችን ነው።

መድኀኒቱ ከባድ አለመሆኑም የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ሰባት በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተመክረው ነበር። ይህን ያደረጉት ምክሩ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። በ150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው፤ ከሐይቁ ዳር እስከ መሥሪያ ቤት ያህል ማለት ነው። ክብደት ሲቀንስ ያበጠው የስብ ሕዋስ ይሟሽሻል፤ ቍጣው ይበርዳል፤ አዲፖኔክቲን ይጨምራል፤ ጉበትም የኢንሱሊንን ቃል እንደገና መስማት ይጀምራል።

ስለዚህ አስተያየቴን በአራት ነገር እጠቀልላለሁ። አንደኛ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ወገቡን በሜትር ይለካ። ወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ ሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆኑ የደም ስኳራቸውንና የደም ግፊታቸውን ሊያስመረምሩ ይገባል። ከዚህ በታች የሆነም ቢሆን በቤተ ሰቡ የስኳር በሽታ ካለ ቀጭንነቱን ተማምኖ አይቅር። ሁለተኛ፣ ስብሰባ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ቡፌውን ይመርምሩ፤ ከተጠበሰው ይልቅ ቅቅሉን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ የዓሣ ሾርባውንና ፍራፍሬውን ያስቀድሙ፤ ወጪውም ይቀንስላቸዋል። ሦስተኛ፣ ከተማይቱ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆነውን መንገድ ትጠብቅ፤ አለቆችም በእግራቸው በመሄድ ምሳሌ ይሁኑ። አለቃው ከሄደ ጸሐፊው አያፍርም። አራተኛው ገንዘብም ትእዛዝም አይጠይቅም፤ ሰላምታችንን እናርም። ሰው ሲወፍር አናሞግሰው፤ ሲከሳም አናስደንግጠው።

ይህን የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። ወዳጄ በሐኪም ምክር ጥብሱን ቀንሶ፣ ማለዳ ማለዳ ብስክሌት እየነዳ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ቀንሷል፤ ስኳሩም ወደ ልኩ ተጠግቷል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚሰማው ነገር «ምነው፤ ምን ነካህ? ሹመቱን ወሰዱብህ ወይ?» የሚል ነው። እናቱም ከገጠር መጥተው ባዩት ጊዜ አልቅሰው፣ ይዘውት የመጡትን ቅቤ በወጡ ላይ ጨመሩበት። እርሳቸውን እንዴት ይቈጣቸዋል? የወለዱትና ያሳደጉት በማጣት ዘመን ነው፤ ፍቅራቸውን የሚገልጹበት ቋንቋ ቅቤ ነው። እርሱም ጥቂት ቀምሶ እጃቸውን ይዞ «እማዬ፤ ደኅና ነኝ፤ የከሳሁት ስለ ዳንሁ ነው» አላቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በሀዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ ወጣት ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የድሮ ጓደኛ አግኝቶ «ወፈርህ፤ ተመችቶሃል» ሲላችሁ ከማመስገናችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። በቆዳችሁ ሥር ያለው ጽሕፈት ቤት በዚያች ሰዓት ምን ዓይነት ደብዳቤ እየጻፈ እንደ ሆነ ጠይቁ።